ማን ይተርፋል? የጃክ ለንደን በረዶና የፎገራ ውሃ

በዚህ እትም ላካፍላችሁ የፈለግሁት ስለ አሜሪካዊው የጀብዱ ልቦለድ ጸሐፊ ስለ ጃክ ለንደን ነው። በትምህርት ክፍላችን የዚህ ሰው ስም ሲነሣ ከአብዛኛዎቻችን አፍ የሚወጣው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ‹‹ጠንካራው ይተርፋል፣ ደካማው ይጠፋል›› የሚል። ለፈተና የምናጠናውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን የሰውየውን አጫጭር ልቦለዶች ረጋ ብሎ ላነበበ ሰው ነገሩ እንዲህ በአንድ መስመር የሚያልቅ አይደለም።

እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ክረምት በገባ ቁጥር ‹‹ዘንድሮ ርብ ምን ያደርገን ይሆን?›› ሲባል እየሰማሁ ነው። ስለዚህ የጃክ ለንደንን በረዶ ሳነብ የማመሳክረው ከማውቀው ከፎገራ ውሃ ጋር ነው። አላስካን አላየሁም፤ ፎገራን ግን አውቃለሁ። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እሞክራለሁ። በችግር ጊዜ የሚተርፈው ማን ነው? ችግር የሰውን ጠባይ ምን ያደርገዋል? ከችግር የተረፈ ሰውስ ከምን ጋር ይኖራል?

ሰውየው ማን ነበር?

ጃክ ለንደን የተወለደው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 1876 ነው። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበረ ገና በልጅነቱ ምግብ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይሠራ ነበር። በ1893 በመርከብ ተቀጥሮ እስከ ጃፓን ዳርቻ ተጓዘ። በ1894 ሥራ አጥቶ በባቡር ላይ እየተንጠላጠለ አገር ለአገር ሲዞር፣ ‹‹ቦዘኔ ነህ›› ተብሎ 30 ቀን ታሰረ። በ1896 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ገንዘብ አጥሮት ብዙም ሳይቆይ አቋረጠ። ምን አለፋችሁ፣ ችግርን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው አልነበረም።

በነሐሴ 1896 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ ክሎንዳይክ በሚባል ቀዝቃዛ ምድር ወርቅ መገኘቱ ተሰማ። ወሬው ሲናኝ 100,000 ያህል ሰው ወደዚያ እንደተነሣ ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ የደረሰው ከግማሽ በታች ነው። የካናዳ ፖሊሶች ድንበር ላይ ቆመው ‹‹የአንድ ዓመት ስንቅ የሌለው አይገባም›› ይሉ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ተጓዥ ከነዕቃው አንድ ቶን የሚጠጋ ጭነት ይዞ መገኘት ነበረበት። ይህንን ሁሉ በበረዶ የተሸፈነውን የቺልኩት ዳገት እየወጣ እየወረደ፣ በጀርባው ተሸክሞ ያመላልሰዋል። ጃክ ለንደን በሐምሌ 1897 ከተነሡት አንዱ ነበር። ክረምቱን እዚያ አሳለፈ፤ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት የሚመጣው፣ ድድ የሚያደማውና ጥርስ የሚያነቃንቀው ስከርቪ የተባለ በሽታ ያዘው፤ በ1898 ወርቅ ሳይሆን ወሬ ይዞ ተመለሰ። ያ ወሬ ነው በኋላ ‹‹የዱር ጥሪ›› (1903)፣ ‹‹ነጩ ክራንቻ›› (1906) እና ብዙ አጫጭር ልቦለዶች የሆነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1916 በ40 ዓመቱ ሲሞት 50 ያህል መጻሕፍት ጽፎ ነበር።

ለእኛ አካባቢ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። የእኛም ጎረምሶች ለዓመታት ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ሲወርዱ ኖረዋል። በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ቋጥረው፣ በሬ የሚገዛ ብር ይዘው ለመመለስ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ብሩን፣ አንዳንዱ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ምንነቱ ያልታወቀ፣ ሆድ የሚነፋና ሰውን አመንምኖ የሚገድል ሕመም ተነሥቶ ነበር። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በቆላ የሚታወቅ በሽታ ስለሆነ፣ ከሰሊጥ ሥራ የሚመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀሩም ተብሎ ይገመታል። ክሎንዳይክ ስከርቪውን እንደሰጠ፣ ቆላውም ካላዛሩን ሰጠ ማለት ነው።

እሳቱ ለምን ጠፋ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ። የጃክ ለንደን እጅግ የታወቀው አጭር ልቦለድ ‹‹እሳት ለማንደድ›› የሚለው ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሰው ውሻ አስከትሎ፣ ጓደኞቹ ወዳሉበት ሰፈር በበረዶ ላይ ብቻውን ይጓዛል። ብርዱ ከዜሮ በታች 75 ፋራናይት ነው፤ ይህም በእኛ አለካክ ከዜሮ በታች 59 ሴልሺየስ ገደማ ይሆናል። አንድ አገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ‹‹ከዜሮ በታች 50 ከወረደ ማንም ሰው ብቻውን መጓዝ የለበትም›› ብሎት ነበር። ሰውየው ግን ሣቀበት።

መንገድ ላይ ስስ በረዶ ይሰበርና እግሩ ውሃ ውስጥ ይገባል። በዚያ ብርድ እርጥብ እግር ማለት የሞት ማስጠንቀቂያ ነው። እሳት አነደደ፤ ነገር ግን ያነደደው በረዶ ከተሸከመ የጥድ ዛፍ ሥር ነበር። ጭራሮ ለመልቀም ቅርንጫፉን በነቀነቀ ቁጥር ዛፉ ይናጋል፤ በመጨረሻ በረዶው ተንዶ እሳቱን ቀበረው። እንደገና ሊያነድ ሲሞክር ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ 70 የክብሪት እንጨት በአንዴ ለኮሰ፤ አልሆነም። ውሻውን ገድሎ በሆዱ ውስጥ እጁን ሊያሞቅ ፈለገ፤ ቢላውን መያዝ አቃተው። ‹‹ሽማግሌው ልክ ነበር›› ብሎ አምኖ ሞተ። ውሻው ትንሽ ጠበቀና ምግብና እሳት ወዳላቸው ሌሎች ሰዎች ሄደ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ይህ ሰው ደካማ አልነበረም። ወጣት ነው፤ ጤነኛ ነው፤ ክብሪትም ምሳም ይዟል። ‹‹ጠንካራው ይተርፋል›› የሚለው ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ መትረፍ ነበረበት። ደራሲው ራሱ ጉድለቱን በግልጽ ይነግረናል፤ ሰውየው ነገሮችን ቶሎ ያያል እንጂ ትርጉማቸውን አያይም። ብርዱን በቁጥር ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ግን ስለ ሰው ልጅ ደካማነት ምን እንደሚል አላሰበም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃክ ለንደን ይህንን ታሪክ ሁለት ጊዜ ጽፎታል። በ1902 ለወጣቶች መጽሔት በጻፈው ላይ ሰውየው ቶም ቪንሰንት የሚባል ስም አለው፤ ተጎድቶም ቢሆን ይተርፋል፤ ብቻህን አትጓዝ የሚለውንም ትምህርት ያገኛል። በ1908 በጻፈው ላይ ግን ስም የለውም፤ ውሻ ተጨምሯል፤ ሰውየውም ይሞታል። እኛ ‹‹ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው›› እንላለን አይደል? የ1902ቱን ሰው መከራ መከረው። የ1908ቱን ግን መከራም ለመምከር ጊዜ አላገኘም። እኔ እንደሚገባኝ ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ እውነት የሆነው ለዚህ ነው። መከራ ሁልጊዜ አስተማሪ አይደለም፤ አንዳንዴ ተማሪውን ይገድለዋል።

ፎገራ ላይ ውሃ እንዴት ይመጣል?

ወረታ ከባሕር ዳር በስተሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጎንደር መንገድ ላይ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠለው ከእሷ ነው። በስተምዕራብ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ጠፍጣፋ መሬት የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው፣ 1,786 ሜትር ላይ ወደሚገኘው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከላይ ሲመጡ ይሮጣሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይተኛሉ። ሲተኙ ደግሞ ከተራቆተው ደጋ ጠርገው ያመጡትን አፈር ያራግፋሉ። በዚህ ምክንያት የወንዙ ሆድ በደለል ይሞላል፤ ውሃውም ከዳርቻው ወጥቶ በማሳና በመንደር ላይ ይነጠፋል።

ከዚህ የሚከተለውን ተረዱልኝ። ፎገራ ላይ ጎርፍ የሚመጣው ፎገራ ላይ ስለዘነበ ብቻ አይደለም። እኛ ሰማይ ጠርቶ ልብስ እያሰጣን፣ ጉና ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ከተፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች የሚያዩት ራሳቸው በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን የምሥራቁን ተራራ ነው። ‹‹ጉና ከጠቆረ እህሉን ቆጥ ላይ አውጣ›› ይላሉ በእኛ ቤት። ይህ የሽማግሌ ወግ ሊመስል ይችላል፤ ግን የጃክ ለንደን ሽማግሌ የተናገረውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቁጥር ሳይሆን የቁጥር ትርጉም ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአገራችን ብዙ ቦታ ከባድ ጎርፍ ደረሰ። በሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ድሬዳዋን መታ፤ በነሐሴ ኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ብዙ ሰውና ከብት ወሰደ። ከዚያም ተራው የጣና ዙሪያ ሆነ። በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳው ከሐይቁ ጋር አንድ ሆነ። በፎገራ ወረዳ ለሐይቁ ቅርብ የሆኑት እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉት ቀበሌዎች ክፉኛ ተጎዱ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ በጀልባም በእግርም ወጥቶ በጊዜያዊ መጠለያ ተቀመጠ።

እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ስለነበርኩ የማወራው ከቤተሰብ የሰማሁትን ነው። የአያቴ እናት በሐይቁ በኩል ባለ ቀበሌ ይኖሩ ነበር፤ እግራቸው አይራመድም። ውሃው ሲጨምር የጎረቤት ጎረምሶች ገብተው ‹‹እማማ፣ ይታዘሉልን፤ ውሃው እየመጣ ነው›› አሏቸው። እሳቸው ‹‹እኔን ተውኝ ልጆቼ፣ እኔ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ላሚቱን አውጡልኝ›› አሉ። ላሚቱ የፎገራ ዘር ጥገት ነበረች፤ የቤቱ ሀብት እሷ ነበረች። ጎረምሶቹ አልሰሟቸውም፤ እየተፈራረቁ አዝለው አወጧቸው። ለላሚቱ ሲመለሱ ውሃው ቀድሟቸው ነበር። የአያቴ እናት ከዚያ በኋላ 4 ዓመት ኖሩ፤ ላሚቱን ሳያነሡ የዋሉበት ቀን እንደሌለ አያቴ ትነግረኛለች።

ይህንን ያወራሁት በምክንያት ነው። ጃክ ለንደን በ1901 ‹‹የሕይወት ሕግ›› የሚል አጭር ልቦለድ ጽፏል። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አለ፤ ነገዱ አደን ፍለጋ ሲጓዝ መከተል ስለማይችል ትንሽ ጭራሮ አጠገቡ ክምር አድርገውለት በበረዶ ላይ ትተውት ይሄዳሉ። ልጁ የነገዱ አለቃ ነው፤ ቆሞ ይሰናበተዋል እንጂ አይወስደውም። ሽማግሌውም አያማርርም፤ ‹‹ሕጉ ይህ ነው፣ እኔም አባቴን እንዲሁ ትቼዋለሁ›› ብሎ ይቀበላል። በመጨረሻም ተኩላዎች ይከቡታል።

የአያቴ እናትም እንደዚያ ሽማግሌ ‹‹ሕጉን›› ተቀብለው ነበር። በኢኮኖሚ ስሌት ከሄድን ልክ ነበሩ፤ ላሚቱ ወተት ትሰጣለች፣ እሳቸው ግን መሥራት አይችሉም። ጎረምሶቹ ግን ሌላ ሕግ ነበራቸው። የትኛው ነው የተፈጥሮ ሕግ? ሁለቱም ሰው ያወጣው ሕግ ነው እላለሁ። የበረዶው ሕግ ከጨካኝነት ሳይሆን ጭራሹን አማራጭ ከማጣት የመጣ ነው። እዚህ ደግሞ ጥቂት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ደረቅ መሬት ነበረ፤ አዛዮቹም ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ‹‹ሰው በችግር ጊዜ ጨካኝ ነው ወይስ ደግ?›› ብለን ስንጠይቅ፣ አብረን ‹‹ደረቁ መሬት ምን ያህል ይርቃል? ስንት ሰውስ አለ?›› ብለን መጠየቅ አለብን።

ቢልና የሳን ፍራንሲስኮ ጎረቤቶች

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሻገር፣ ጃክ ለንደን ሁለት ዓይነት ሰው ያሳየናል። አንደኛው በ1905 በታተመው ‹‹የሕይወት ፍቅር›› በሚለው ታሪክ ውስጥ ያለው ቢል ነው። ሁለት ወርቅ ፈላጊዎች ወንዝ ሲሻገሩ አንዱ እግሩ ይወለምና ‹‹ቢል!›› ብሎ ይጣራል። ቢል ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ ይሄዳል። የተተወው ሰው በረኀብ እየተንፏቀቀ፣ የታመመ ተኩላ እየተከተለው ቀናት ይቆያል። ሸክም ስለከበደው ወርቁን ጥቂት በጥቂት ይጥላል። መንገድ ላይ አውሬ የጋጠውን የቢልን አጥንት ያገኛል፤ አጠገቡ የወርቅ ከረጢቱ አለ። ቢል ወርቁን እስከ መጨረሻው ይዟል። ‹‹ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል›› የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በቁሙ ሥጋ ለብሷል። ይህ ታሪክ ምን ያህል የታወቀ ነው ብትሉ፣ ሌኒን በጥር 1924 (እ.ኤ.አ.) ሊሞት 2 ቀን ሲቀረው ባለቤቱ ክሩፕስካያ ያነበበችለት ይህንኑ ነው።

ሌላው ዓይነት ሰው ልቦለድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ማለዳ ሳን ፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ተከትሎ የተነሣው እሳት ከተማዋን ለቀናት አቃጠላት። 3,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ከ200,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ጃክ ለንደን ከመኖሪያው ተነሥቶ ገባና ለአንድ መጽሔት የዓይን ምስክርነቱን ጻፈ። ይህ የተኩላና የበረዶ ደራሲ ሰው በሰው ላይ ሲነሣ አየሁ ያላለ መሆኑ ይገርማል። ያየው ሻንጣውን እየጎተተ ከእሳት የሚሸሽ፣ ነገር ግን የማይጯጯህ፣ የማይገፋፋ፣ እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ትሑት የሆነ ሕዝብ ነበር።

ታዲያ የትኛው ነው የሰው ተፈጥሮ? ይህ ክርክር በዘመኑም ነበረ። ‹‹የተስማሚው መትረፍ›› የሚለውን አነጋገር በ1864 ያወጣው ሄርበርት ስፔንሰር ነው፤ ዳርዊን በኋላ ወሰደው። ጃክ ለንደን ስፔንሰርን አጥብቆ ያነብ ነበር። በ1902 ደግሞ ሳይቤሪያን ያየው ሩሲያዊው ልዑል ክሮፖትኪን ስለ መረዳዳት መጽሐፍ አሳተመ። ክርክሩ ባጭሩ፣ ብርድና ረኀብ በበዛበት አገር ከማይረዳዱት እንስሳት ይልቅ የሚረዳዱት ይተርፋሉ የሚል ነው። ‹‹ተስማሚ›› ማለት ‹‹ጡንቸኛ›› ማለት አለመሆኑን ልብ በሉ። ለውሃ የሚስማማ በውሃ ይተርፋል፤ ለበረዶ የሚስማማ በበረዶ። ለሰው ልጅ ደግሞ ከሁሉ የሚስማማው ሌላ ሰው ነው። በ‹‹እሳት ለማንደድ›› ውሻው የተረፈው ጠጉር ስላለው ብቻ ሳይሆን እሳት ወዳለበት ሰው መሄድ ስላወቀ ነው።

ጃክ ለንደን ራሱ በዚህ ነገር አንድ አቋም አልነበረውም። ሶሻሊስት ነበር፤ ስለ ድሆች ይጽፋል፤ በ1903 በእንግሊዝ ዋና ከተማ የድሆች ሰፈር ኖሮ ያየውን አሳትሟል። በሌላ በኩል ስለ ዘር በነበረው አስተሳሰብ ነጩን ከሌላው አስበልጦ የጻፈባቸው ገጾች አሉት። ስናነበው ይህንንም መሸፋፈን አይገባንም።

የሁሉም ቤት ሲርስ

እስካሁን ያልኩት ‹‹መረዳዳት ጥሩ ነው›› የሚል ስብከት ብቻ እንዳይመስል፣ ከፎገራ የተማርኩትን ከባዱን ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ፣ እድር አለ፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች የሚያርሱበት መቀናጆ አለ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት አንዱ ሲጎድልበት ሌላው ሲኖረው ነው። የአንድ ሰው በሬ ቢሞት ጎረቤት ያበድራል፤ የአንድ ሰው ቤት ቢቃጠል እድሩ ይሠራለታል። ጎርፍ ግን የአንድን ሰው ቤት መርጦ አይገባም። የሁሉም ጎተራ በአንድ ሌሊት ሲርስ ማን ለማን ያበድራል? የእድሩ ዳኛም እድርተኛውም እኩል መጠለያ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ የሜዳው ሰው የሚተርፈው ውሃ ባልነካው ወገኑ ነው። ብዙ ቤተሰብ በከፍታው በኩል የሚዋለድ፣ የሚዋሰብ ዘመድ አለው። በእኛ ቤት ክረምት ሲገባ ከብቶቹ ወደ ከፍታው ዘመድ ይላካሉ፤ በጋ የሜዳው ሣር ሲለመልም ደግሞ የእነሱ ከብት ወደ እኛ ይወርዳል። ይህ ብድር ነው፤ ግን በወረቀት ያልተጻፈ። በሳን ፍራንሲስኮም እንዲሁ ነበር፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ኦክላንድ ስላልተቃጠለች ሸሺውን ተቀበለች፤ ወታደሩም ድንኳን ተከለ። ከዚህም በላይ ሲሆን መንግሥት፣ ጀልባ፣ የእህል ክምችትና መድኃኒት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ‹‹ሕዝባችን ይረዳዳል›› ብሎ መኩራራት ብቻውን የማይበቃው።

ከዚህ ላይ የራሳችንን ደራሲ ላንሣ። የጎንደር ልጅ የሆነው ብርሃኑ ዘሪሁን በ‹‹ማዕበል›› ልቦለዱ የወሎን ረኀብ ሲያሳየን፣ ረኀቡን የዝናብ ጉዳይ ብቻ አድርጎ አያየውም፤ ከአገዛዙ ጋር ያያይዘዋል። ጃክ ለንደን በበረዶ ታሪኮቹ ውስጥ ይህ ይጎድለዋል። የእሱ ሰዎች ለወርቅ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ቀንቷቸው ከተረፉ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። የፎገራ ገበሬ ግን ከጎርፉ በኋላ የሚሄድበት አገር የለውም፤ በዓመቱ ጎርፉ እዚያው ያገኘዋል። ለእንግዳው መከራ ጀብዱ ነው፤ ለነዋሪው የቀን መቁጠሪያ ነው።

የተረፈው ከምን ጋር ይኖራል?

በ‹‹የሕይወት ፍቅር›› መጨረሻ ላይ ሰውየውን በአሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ላይ የነበሩ ሰዎች ያገኙታል። ይበላል፤ ይወፍራል። ግን መርከበኞቹን ብስኩት እየለመነ ይደብቃል፤ ፍራሹ ሲፈተሽ ውስጡ በደረቅ ብስኩት ተጠቅጥቆ ተገኘ። ረኀቡ ከሆዱ ወጥቷል፤ ከሐሳቡ ግን አልወጣም።

እኛ ጋ የዚህ ምሳሌ ጓያ ነው። ጓያ ውሃ የተኛበትንም የደረቀንም መሬት የሚችል ጠንካራ ሰብል ነው፤ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። በክፉ ቀን ሰው ያለ ሌላ እህል ለወራት ሲበላው ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግር ይይዛል፤ የተያዘው እግርም አይመለስም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ መጎዳቱ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል። እንግዲህ ሰው ከረኀብ ተርፎ በትር ተደግፎ ይኖራል ማለት ነው። ‹‹ተረፈ›› የሚለው ቃል ሒሳቡን አይዘጋውም።

መልካሙ ምሳሌ ደግሞ ሩዝ ነው። የፎገራ ሜዳ ድሮ በብዛት የከብት መዋያ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ከጅግናና ከሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ጋር ሩዝ ሞከሩ። ማኅበራቱ ቢፈርሱም ሩዙ በገበሬው እጅ ቀረ፤ እስካሁን የሚዘራው ‹‹ኤክስ ጅግና›› የተባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከዚያ ቦታ ነው። ዛሬ ፎገራ በአገሪቱ በሩዝ ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው ወረታ ነው። ሩዙ በእንጀራችን ገባ፣ በጠላችን ገባ። ውሃው ሲሸሽም በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጠላት የነበረው ውሃ ግማሹ ወዳጅ ሆነ። ግማሹ ያልኩት፣ ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ሩዙንም ስለሚያሰጥም ነው።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ‹‹ማን ይተርፋል?›› ለሚለው ጥያቄ የጃክ ለንደንን ታሪኮችና የፎገራን ኑሮ ጎን ለጎን አስቀምጬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። የሚተርፈው አገሩን የሚያውቁትን የሚሰማ፣ ስንቁን አስቀድሞ የያዘ፣ ብቻውን የማይሄድና ጎርፉ ያልደረሰበት ወገን ያለው ነው። ጉልበት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። የሰው ተፈጥሮም ቢልም ነው፣ ጎረምሶቹም ነው፤ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው አስቀድመን በመካከላችን ባሠርነው ነገር ነው።

ብዙዎቻችን ስንመረቅ ሥራ ፍለጋ ወደማናውቀው አገር እንሄዳለን፤ አንዳንዶቻችን በሕጋዊ፣ አንዳንዶቻችን በበረሃ መንገድ። ወደ ክሎንዳይክ ከተነሣው መቶ ሺህ ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልደረሰም፤ ከደረሰውም አብዛኛው ወርቅ አላገኘም። ከመነሣታችን በፊት ‹‹ስንቁ ምንድን ነው? አብሮኝ የሚሄደውስ ቢል ነው ወይስ ጎረቤቴ?›› ብለን ብንጠይቅ ከልቦለዱ ያተረፍነው ነገር አለ ማለት ነው። ለፈተናም ቢሆን ከእንግዲህ ‹‹ጠንካራው ይተርፋል›› ብቻ ብላችሁ እንዳትወጡ፤ ‹‹ሽማግሌው ምን ብሎ ነበር?›› የሚለውን ጨምሩበት።

ቸር ይግጠመን።